አብሮ ይስጠን



በቋንቋችን አንድ ሰው በጎ ነገር ሲደረግለት «እግዚአብሔር ይስጥልኝ» ይላል። ይህን ቃል ከልጅነታችን ጀምሮ ስንሰማውና ስንለው ስለኖርን ምን እንደምንል እንኳ አናስተውለውም። ፈታ አድርገን ብናየው ግን በውስጡ ትልቅ ኑዛዜ አለ። «ያደረግህልኝን እኔ ልከፍልህ አልችልም፤ ዕዳዬን እግዚአብሔር ይክፈልልኝ» ማለት ነው። የተመሰገነውም ሰው ዝም አይልም፤ «አብሮ ይስጠን» ብሎ ይመልሳል። እኔ ሰጪ አንተ ተቀባይ አይደለንም፣ ሁለታችንም እጃችንን ወደ አንድ ሰጪ የምንዘረጋ ነን ማለቱ ነው። በዚህ አጭር ልውውጥ ውስጥ ከብዙ ስብከት የሚበልጥ ትምህርት ተቀምጧል ብል ማጋነን አይመስለኝም። ዛሬ ላካፍላችሁ የፈለግሁትም ከዚህ ቃል የራቀ አይደለም፤ ይህንኑ ቃል በአንደበቴ ተናግሬ በሕይወቴ እንዴት እንደረሳሁት ለመንገር ነው።

አስቀድመን ኦሪት ዘፍጥረት ምዕራፍ 40ን እንክፈት። ዮሴፍ በግፍ ታስሮ በግብፅ ወህኒ ቤት ሳለ ከፈርዖን ሹማምንት ሁለቱ፣ የጠጅ አሳላፊዎች አለቃና የእንጀራ አበዛዎች አለቃ፣ እርሱ ባለበት ታሰሩ። አንድ ቀን ጠዋት ዮሴፍ ወደ እነርሱ ሲገባ አዝነው አገኛቸው፤ ፊታቸው ስለ ምን እንደጠቆረም ጠየቃቸው። ይህን ጥያቄ ብዙ ጊዜ በችኮላ እናልፈዋለን። የራሱ መከራ የበዛበት እስረኛ የሌላውን እስረኛ ፊት ማንበቡ ግን እንዴት ያለ ነገር ነው! በኋላ የመጣው ሁሉ፣ የሕልሙ ፍቺ፣ በፈርዖን ፊት መቆሙ፣ በረሃቡ ዘመን የግብፅና የያዕቆብ ቤት መትረፍ፣ በዚያች ጠዋት ከተጠየቀች ተራ ጥያቄ የተመዘዘ ነው። ዮሴፍ ለጠጅ አሳላፊው ሕልሙን በበጎ ፈታለት፤ በጎ በሆነለትም ጊዜ እንዲያስበው ለመነው። በሦስተኛው ቀን ሰውዬው ወደ ሹመቱ ተመለሰ። መጽሐፍ የሚነግረን ግን ዮሴፍን እንደረሳው ነው።

ሰባክያን እዚህ ላይ ስንደርስ አብዛኛውን ጊዜ ጠጅ አሳላፊውን ወቅሰን ወደ ዮሴፍ ክብር እንሮጣለን። እኔም ለብዙ ዓመታት እንዲሁ አድርጌያለሁ። አሁን ግን ይህን ሰው ጠጋ ብዬ ሳየው ክፉ ሰው ሆኖ አላገኘውም። ዮሴፍን አልከዳውም፣ አላማውም፤ ሥራ በዛበት እንጂ። ጽዋው፣ ግብዣው፣ የንጉሡ ደጅ፣ የየዕለቱ ጉዳይ አለ። በችግር ጊዜ የሰውን ፊት እናያለን፤ ችግሩ ሲያልፍ ግን ፊታችን ወደ ሥራችን ይዞራል። ሁለት ሙሉ ዓመት አለፈ። ፈርዖን ሕልም አይቶ ፈቺ ሲጠፋ ነበር ሰውዬው በደሉን ዛሬ እንዳሰበ በንጉሡ ፊት የተናገረው (ዘፍ. 41፥9)። የዘገየ ማሰብ ነው፤ ቢሆንም ማሰብ ነው። በቅዱስ መጽሐፍ ውስጥ መርሳትን በደል ብሎ በገዛ አፉ የተናዘዘ ሰው በመሆኑ፣ ለእኔ ይህ አሕዛባዊ ሹም አስተማሪዬ ነው።

አስተማሪዬ የሆነበትን ምክንያት ልንገራችሁ።

ክህነት ከተቀበልሁ ገና ሦስት ዓመቴ ነበር። በሐምሌ መጨረሻ፣ በዕለተ ረቡዕ፣ የቅዳሴ ዕቃ የያዘ ከረጢት ተሸክሜ በእግር ወደ አንዲት ሩቅ ጸሎት ቤት እሄድ ነበር። ከሰዓት በኋላ ዝናቡ ወረደ፤ ወንዙ ጋ ስደርስ ሞልቶ ድንጋይ ያንከባልላል። ወደ ኋላ እንዳልመለስ መሽቷል፤ ወደ ፊት መንገድ የለም። ከወንዙ በላይ ካለው ቀበቶ ላይ አንዲት ጎጆ አይቼ ደጁ ላይ ቆምሁና፣ አያቶቻችን እንደሚሉት፣ «የመሸብኝ የእግዚአብሔር እንግዳ ነኝ፤ አሳድሩኝ» አልሁ። ከውስጥ የሴት ድምፅ «ቤት የእግዚአብሔር ነው፤ ይግቡ» ብሎ መለሰልኝ።

በዕድሜ ጠና ያሉ እናትና የአሥራ ሁለት ዓመት ያህል ልጅ ብቻ ነበሩ። ካህን መሆኔን ሲያዩ ሴትዮዋ ብድግ አሉ። የካቶሊክ ካህን እንደሆንሁ፣ እርሳቸው ግን የኦርቶዶክስ ምእመን እንደሆኑ ከአንገታቸው ማዕተብ ተረድቻለሁና አስቀድሜ ልነግራቸው ጀመርሁ። «እሱ ይደረስበታል፣ አባቴ፤ መጀመሪያ ልብስዎ ይድረቅ» አሉኝ። ምድጃው ቀዝቃዛ ነበር። በዚያ ብርድ፣ በዚያ ሰዓት፣ እሳት ያልነደደበት ቤት ማየቴ ትንሽ ገርሞኝ ነበር፤ ግን አልጠየቅሁም። ልጁን ከጎረቤት ፍም እንዲያመጣ ላኩት፤ እሳቱ ተያያዘ። ረቡዕ ነውና ያለ ቅቤ ሽሮ ሠርተው አበሉኝ። ጾሙ የሁለታችንም ነበር፤ የማዕዱ ጸሎትም እንዲሁ። ሌሊቱን እርሳቸው ከልጃቸው ጋር ጥግ ይዘው እኔን ከመደቡ ላይ አስተኙኝ።

ጠዋት ቆሎ በጨርቅ ቋጥረው ሰጡኝ፤ ልጁም ከረጢቴን ተሸክሞ ውኃው ወደሚሳሳበት መሻገሪያ ወሰደኝ። «እግዚአብሔር ይስጥልኝ፤ ጨርቁን ይዤ እመለሳለሁ» አልኋቸው። «አብሮ ይስጠን» አሉኝ። ዕቃ ባዶውን እንደማይመለስ ታውቃላችሁ፤ ስለዚህ አንድ ነገር ቋጥሬበት ልመጣ በልቤ ወሰንሁ። በዚያው ዓመት ወደ ሌላ ቁምስና ተዛወርሁ። ከዚያ ትምህርት፣ ከዚያ ኃላፊነት፣ ከዚያ ስብሰባ መጣ። ጨርቁ ከሣጥኔ ሥር፣ ከአሮጌ ደብዳቤዎች በታች ቀረ።

ዐሥራ አራት ዓመት አለፈ። ጠጅ አሳላፊው ሁለት ዓመት ነው የረሳው።

በአንድ የካቴኪስቶች ሥልጠና ላይ ይህንኑ የዘፍጥረት ክፍል አስተምር ነበር። ሰውዬውንም እንደ ልማዴ በደንብ ወቀስሁት። ትምህርቱ ሲያልቅ ከኋላ የተቀመጠች አንዲት ካቴኪስት እጇን አንሥታ፣ በትሕትና፣ «አባ፣ እኛስ የረሳነው ሰው ስለሌለ ነው እንዲህ የምንወቅሰው?» ብላ ጠየቀች። ክፉ አላሰበችም፤ የእውነት መጠየቋ ነበር። የሰጠኋት መልስ ምን እንደሆነ አላስታውስም፤ መልስ አልነበረምና። በዚያች ሌሊት ሣጥኑን ከፍቼ ጨርቁን አወጣሁ።

ወንድሞችና እኅቶች፣ «እግዚአብሔር ይመስገን» ማለት ለእኛ ቀላል ነው። እንደምን አደራችሁ ለሚለን ሁሉ ገና ስለ ጤናችን ሳንናገር እንመልሰዋለን። ይህ መልካም ልማድ ነው፤ እግዚአብሔር ከአፋችን አያጥፋው። ነገር ግን እግዚአብሔርን እያመሰገንን እርሱ የላከልንን ሰው ልንረሳ እንችላለን። ከዐሥሩ ለምጻሞች መካከል ዘጠኙ በልባቸው እግዚአብሔርን አላመሰገኑም ብሎ የሚነግረን የለም፤ ምናልባት ወደ ካህናቱ በሚወስደው መንገድ ላይ ሲያመሰግኑ ሄደው ይሆናል። ጌታችን የጠየቀው ተመልሶ ስለመጣው ነው (ሉቃ. 17፥11-19)። የተመለሰውም ከሌላ ወገን የሆነው ሳምራዊ ነበር። ምስጋና እግር አለው፤ ወደ ኋላ ይመለሳል።

በአገራችን የቤተ ክርስቲያን ታሪክ ስለ አንድ ያልታሰበ መገናኘት ማንሳት እፈልጋለሁ። ቅዱስ ዮስጢኖስ ደ ያቆቢስ የተባሉት ጣልያናዊ የላዛሪስት ማኅበር ካህን ወደ አገራችን የመጡት እ.ኤ.አ. በ1839 ዓ.ም. ነው። በ1841 ዓ.ም. የሰሜኑ ገዥ ደጃዝማች ውቤ ጳጳስ ለማስመጣት ወደ ካይሮ ልዑካን ሲልኩ እኚህ ካህን አብረው እንዲሄዱ ጠየቋቸው። ከልዑካኑ መካከል አንድ የጎጃም መነኩሴ ነበሩ፤ አባ ገብረ ሚካኤል ይባላሉ። በየገዳማቱ መጻሕፍትን እየመረመሩ እውነትን ሲፈልጉ የኖሩ ሊቅ ናቸው። በመጀመሪያ የውጭ አገሩን ካህን በጥርጣሬ ይመለከቷቸው እንደነበር ይነገራል፤ አያስደንቅም። ነገር ግን የበረሃና የባሕር መንገድ ሰውን ያቀራርባል። ከካይሮ በኋላ ከልዑካኑ ከፊሉ እስከ ሮም ዘልቀው ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ግሪጎርዮስ 16ኛን አገኙ። በ1844 ዓ.ም. አባ ገብረ ሚካኤል ከካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ጋር ኅብረት መሠረቱ፤ በ1851 ዓ.ም. ደግሞ በእኚሁ የጉዞ ወዳጃቸው እጅ የክህነት ማዕርግ ተቀበሉ። ለአገሩ ሰው የሚሆን ትምህርተ ክርስቶስም አብረው አዘጋጁ። ካቴኪስቶች ሆይ፣ የእናንተ አገልግሎት ሥር ከዚያ መንገድ ላይ ይደርሳል።

ልብ በሉ፤ ይህን ወዳጅነት ያቀደው ሰው የለም። ደጃዝማች ውቤ የፈለጉት ጳጳስ ነው፤ ጳጳሱም፣ አቡነ ሰላማ፣ መጡላቸው። ሁለቱን ሰዎች ያገናኘው የሌላ ሰው ጉዳይ ነበር። የበረከታችንን መዝገብ በትክክል ብንጽፍ የእኒህ ገዥ ስም ሊቀርበት አይገባም ብዬ አንዳንዴ አስባለሁ። በሩት መጽሐፍም ያችው ሞዓባዊት ሴት ቃርሚያ ለመልቀም ስትወጣ ወደ ቦዔዝ እርሻ የደረሰችው እንዲያው እንዳጋጣሚ ነው ይለናል (ሩት 2፥3)፤ ከዚያ አጋጣሚ ግን ንጉሥ ዳዊት ተወለደ።

ያልታሰበ መገናኘት ሁሉ ደስታን ብቻ ያመጣል ማለቴ አይደለም። አባ ገብረ ሚካኤል ስለ እምነታቸው በ1855 ዓ.ም. በእግር ብረት ታስረው ሲንገላቱ ዐረፉ። ቅዱስ ዮስጢኖስ ከአምስት ዓመት በኋላ በ1860 ዓ.ም. በጉዞ ላይ ሳሉ፣ በበረሃ፣ ሞቱ። ቤተ ክርስቲያን የመጀመሪያውን በ1926 ዓ.ም. ብፁዕ፣ ሁለተኛውን በ1975 ዓ.ም. ቅዱስ ብላ አውጃለች። ከሁለቱ አንዱም ያ የካይሮ መንገድ በቀረብኝ ያለ አይመስለኝም።

ቅዱስ ጳውሎስ ደግሞ የሮሜ መልእክቱን ሲደመድም ትልቁን ትምህርት ጨርሶ ስም መቁጠር ይጀምራል። ለብዙዎች ረዳት የሆነችው ፌቤን፣ ስለ እርሱ ነፍስ አንገታቸውን ያቀረቡት ጵርስቅላና አቂላ፣ ሌሎችም ብዙዎች አሉ። ከሁሉም የሩፎስን እናት ለእኔም እናት ናት ማለቱ (ሮሜ 16፥13) ልቤን ይነካዋል። መቼ፣ በየትኛው ከተማ፣ ምን አድርጋለት እንደሆነ አልጻፈም። ምናልባት ልብሱን አድርቃለት ይሆናል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር በጥንቃቄ መናገር ይገባኛል። ምስጋናን ስናስተምር በሐዘን ላይ ላለ ሰው «አመስግን» ብለን የምናዝ ከሆነ ሸክም እንጨምርበታለን። ሐዘንተኛ «ተመስገን» ሲል ብዙ ጊዜ እንግዳውን ላለማስጨነቅ ነው እንጂ ልቡ ስላረፈ አይደለም። ስለዚህ ደግማችሁ ጠይቁ። በእኛ ባህል ሰላምታ የሚደጋገመው ያለ ምክንያት አይመስለኝም፤ በመጀመሪያው ያልወጣው ቃል በሦስተኛው ይወጣል። ዮሴፍ የጠየቀው ፊታቸውን አይቶ ነው።

በሐዘን ውስጥ የሚቀርብ ምስጋና ምን እንደሚመስል ያሳየን ጌታ ብቻ ነው። አልፎ በተሰጠባት ሌሊት ኅብስቱን አንሥቶ አመሰገነ (1ቆሮ. 11፥23-24)። ሊቃውንቶቻችን የቅዳሴውን ጸሎት አኰቴተ ቁርባን ብለው የሰየሙት አኰቴት ምስጋና ስለሆነ ነው፤ ግሪኮቹም ቅዱስ ቁርባንን ኤውካሪስቲያ ያሉት በዚሁ ምክንያት ነው። እንግዲህ በየእሑዱ ወደ ቤተ ክርስቲያን የምንመጣው ሁሉ ነገር መልካም ሆኖልን ስላመሰገንን ብቻ አይደለም፤ ከሚያመሰግነው ከእርሱ ጋር ለመቆም ነው። የራሳችን ምስጋና ባለቀ ጊዜ በእርሱ ምስጋና እንደገፋለን።

ስለ ዕለት በረከት ብዙ መጻፍ አያስፈልገኝም፤ ከእኔ ይልቅ እናንተ ታውቁታላችሁ። በቡናችን ላይ አቦሉ፣ ቶናው፣ መጨረሻም በረካው አለ። የመጨረሻው ስኒ ከሁሉ የቀጠነው ነው፤ በረከት የሚለውን ስም የተሸከመው ግን እርሱ ነው። ጎረቤት እስከዚያ ድረስ ተቀምጦ ስለሚቆይ ይሆናል።

ለካቴኪስቶች ግን አንድ ተግባራዊ ሐሳብ አለኝ። ልጆችን የኅሊና ምርመራ ስናስተምር ወዲያው ኃጢአት ወደ መቁጠር እንሄዳለን። ቅዱስ ኢግናጥዮስ ዘሎዮላ ግን እ.ኤ.አ. በ1548 ዓ.ም. በጸደቀው የመንፈሳዊ ልምምዶች መጽሐፉ የምርመራው የመጀመሪያ ነጥብ ስለተቀበልነው ጸጋ እግዚአብሔርን ማመስገን እንዲሆን ነው የደነገገው፤ ኃጢአት የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ስለዚህ ልጆቹ ማታ ከመተኛታቸው በፊት በዕለቱ የረዳቸውን አንድ ሰው በስሙ እንዲያስቡ አድርጓቸው። ነገር ሳይሆን ሰው። ስሙን የማያውቁት ከሆነ ፊቱን ያስቡ። በሚቀጥለውም ቀን ያንን ሰው ቢያገኙት አንድ ቃል ይበሉት። እኔ ይህን በልጅነቴ ተምሬው ቢሆን ኖሮ ጨርቁ ዐሥራ አራት ዓመት ሣጥን ውስጥ ባልተቀመጠ ነበር።

በጥር ወር ወደዚያ አገር ሄድሁ። ወንዙ ደርቆ ድንጋይ ብቻ ሆኗል፤ ሳልጫማ እንኳ ሳላወልቅ ተሻገርሁት። በጨርቁ ውስጥ ሁለት ኪሎ ያህል ቡና ቋጥሬአለሁ። ጎጆዋ በቆርቆሮ ቤት ተተክታለች። ደጁ ላይ አንድ ጎልማሳ ልጁን አቅፎ ቆሞ ነበር። ማን እንደሆንሁ ልነግረው ስጀምር ዓይኑ ጨርቁ ላይ ዐረፈ። «የእናቴ ነው» አለ።

እናቱ ካረፉ ሦስት ዓመት ሆኗቸው ነበር።

ውስጥ አስገብቶ አስቀመጠኝ። ይቅርታ ልጠይቀው ብጀምር አላስጨረሰኝም። ያች ሌሊት እንዴት እንደነበረች እኔ የማላውቀውን ነገረኝ። አባቱ በዚያው ክረምት ሞተው አርባቸው ከወጣ ገና ጥቂት ቀን ነበር። ለቀስተኛው ሁሉ ወደየቤቱ ተመልሷል። ከዚያ ወዲህ እናቱ ማታ ማታ እሳት ማንደድ ትተው ነበር፤ እርሱ ከጎረቤት ቤት ይበላል፣ እርሳቸው በጨለማ ይቀመጣሉ። «እርስዎ ደጅ ላይ ሲጣሩ እንግዳን በጨለማ ማሳደር ነውር ነውና እሳት አነደደች» አለኝ። «ከዚያ ማታ በኋላ ምድጃችን ጠፍቶ አያውቅም። ስትሞት ምን አለች መሰለዎት? ያ የዝናቡ እንግዳ አንድ ቀን ከመጣ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ ብላለች በሉት አለች።»

ልላት የመጣሁትን ቃል እርሷ ቀድማኝ ለእኔ ትታልኝ ሄዳለች። ለረጅም ጊዜ መናገር አልቻልሁም። ከዚያም በዚያ ቤት ሊባል የሚችለውን አንድ ቃል ብቻ አልሁ፤ «አብሮ ይስጠን።»

ቡናው ተፈልቶ እስከ በረካው ተቀመጥን። ለመሄድ ስነሣ የልጁ ሚስት ጨርቁን ይዛ ወደ ጓዳ ገባች፤ ስትመለስ ቆሎ ሞልታ ቋጥራዋለች። ጨርቁ ዛሬም እኔ ዘንድ ነው።